«ሰመራይዝ» ማለት «ማጠቃለል» ብቻ አይደለም፤ ግሱን በትክክል ለመጠቀም ደረጃ በደረጃ

አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት የጽሕፈት ሥራ እሠራለሁ። ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ሲቪ አስተካክላለሁ፣ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው ሲመጡ እንግሊዝኛውን አያለሁ። አንድ ጥያቄ ግን በየሳምንቱ፣ አንዳንዴም በየቀኑ ይመጣል። «እህቴ፣ አለቃዬ ይቺን ሪፖርት ሰመራይዝ አድርጊ ብሎኛል፤ ማጠቃለያ ጻፊ ማለቱ ነው አይደል?» መልሱ «አዎ» ብቻ ስላልሆነ ቆሜ ማስረዳት አለብኝ፣ ከኋላ ደግሞ ፍላሽ የያዘ ሰው ተሰልፏል። ስለዚህ የማስረዳውን ሁሉ እዚህ ጻፍኩት።

የእንግሊዝኛ ቃላቱን እንደሚነበቡ በእኛው ፊደል ነው ያስቀመጥኳቸው። ስትጽፉ ፊደል አጻጻፋቸውን ከመዝገበ ቃላት አረጋግጡ። የሚያሳስቱትን ፊደላት እኔም በየቦታው እናገራለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ዋናው ጽሑፍ፣ ቢቻል በወረቀት የታተመ። ስልክ ላይ ዳር ዳሩን መጻፍ አይመችም።
- እርሳስ። እስክሪብቶ አይሁን፤ የመጀመሪያው ምርጫችሁ ብዙ ጊዜ ይቀየራል።
- እንግሊዝኛውን በእንግሊዝኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚፈታው ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ ምክንያቱን ደረጃ 1 ላይ ታያላችሁ።
- የእኛንና የፈረንጁን ዘመን የሚያመሳክር ካላንደር።
- ዋናውን ጽሑፍ ያላነበበ አንድ ሰው። የሥራ ባልደረባም፣ ታናሽ እህትም ይሆናል።

ደረጃ 1፦ የትኛው «ማጠቃለል» እንደሆነ ለዩ

ይህን አትዝለሉት። የማያቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚነሡት ከዚህ ነው።

አማርኛችን «ማጠቃለል» የሚለውን አንድ ቃል ብዙ ሥራ ያሠራዋል። ቃሉ «ጠቀለለ» ከሚለው ጋር ዘሩ አንድ ነው፤ እንጀራ ሲጠቀለል፣ ጥቅል ጎመን ስንል የምንሰማው ነው። የተዘረጋውን ሰብስቦ አንድ ማድረግ ማለት ነው። ሐሳብ ስናሳጥርም፣ ፍርድ ስንሰጥም፣ ሒሳብ ስንደምርም፣ ሥራ ስንጨርስም «አጠቃለልን» እንላለን። ለእኛ ችግር የለውም፣ ከንግግሩ አካሄድ እንግባባለን። እንግሊዝኛ ግን ለእያንዳንዱ የየራሱ ግስ አለው፤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ደግሞ ብዙዎቹን «ማጠቃለል» ብሎ ይፈታቸዋል። እንዲህ ለዩአቸው፦

ሀ. የተባለውን ወይም የተጻፈውን አሳጥሮ ዋና ዋናውን መናገር። ይሄ ነው ሰመራይዝ።

ለ. ከተባለው ተነሥቶ ውሳኔ ወይም ፍርድ ላይ መድረስ። ይሄ ኮንክሉድ ነው።

ሐ. ከጥቂቱ ተነሥቶ ስለ ሁሉም መናገር። ሰው «ሁሉንም በአንድ አታጠቃልል» ሲል የሚቆጣበት ነገር፣ እሱ ጀነራላይዝ ነው።

መ. መጨረስ፣ መዝጋት። «ምዝገባው ነገ ይጠቃለላል» ስንል ሰመራይዝ ጭራሽ አይገባም፤ ኮምፕሊት ወይም ፊኒሽ ነው። «የማጠቃለያ ፈተና» የሚባለውም ፋይናል ኤግዛም እንጂ የሰመሪ ፈተና አይደለም።

ሠ. መደመር። «ሒሳቡን አጠቃልይልኝ» ለሚል ደንበኛ የሚሆነው ግስ አድ አፕ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው በጣም የሚምታቱት፤ እነሱን የምለይበት ዘዴ አለኝ። ፒያሳ ከሦስት ጓደኞቻችሁ ጋር ማኪያቶ ይዛችሁ ስለ ነገው ጉዞ አንድ ሰዓት ተነጋገራችሁ እንበል። አራተኛው ዘግይቶ መጣና «ምን አላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። «እገሌ መኪናው ብሬክ ያስፈልገዋል አለ፣ እገሊት ዝናቡን ፈርታለች፣ እኔ ገንዘብ አጠረኝ አልኩ» ብላችሁ ከነገራችሁት ሰመራይዝ አደረጋችሁ። «ስለዚህ ነገ ባንሄድ ይሻላል» ካላችሁት ግን ኮንክሉድ ነው። የመጀመሪያው ውስጥ አዲስ ነገር የለም፣ የተባለው ብቻ ነው ያለው። ሁለተኛው ውስጥ ማንም ገና ያላለው ነገር ተወልዷል።

ስለዚህ ጽፋችሁ ስትጨርሱ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ዋናው ጽሑፍ ውስጥ የሌለ ነገር ጨምሬያለሁ? ከጨመራችሁ ሰመራይዝ መሆኑ ቀርቷል።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ባለፈው አንዲት ልጅ የ18 ገጽ የመስክ ሪፖርት ሰመራይዝ አድርጊ ተብላ ሁለት ገጽ ሙሉ «መሥሪያ ቤቱ እንዲህ ቢያደርግ» የሚል ምክር ጽፋ አስገባች። እንግሊዝኛዋ ጎበዝ ነው፣ ሰዋስዋም ንጹሕ ነበር። አለቃዋ ግን መለሰላት፤ እሱ ማወቅ የፈለገው መስክ ላይ የታየውን ነበር። ሁለት ቀን የደከመችበት ሥራ እንደገና ተሠራ። የደከመችው ቃሉን «ማጠቃለያ» ብላ ስለተረዳችው ብቻ ነው።

ደረጃ 2፦ አነባበቡንና ፊደሉን አስተካክሉ

በፊደል ሲጻፍ ኤስ፣ ዩ፣ ኤም፣ ኤም፣ ኤ፣ አር፣ አይ፣ ዜድ፣ ኢ ነው። ኤም ሁለት ጊዜ። አንዷን የሚረሳ ብዙ ነው።

ዩ ፊደሏን አይታችሁ «ሱመራይዝ» አትበሉ፤ «ሰ» ተብሎ ይጀምራል፣ ድምፁም የሚጠነክረው እዚያው «ሰ» ላይ ነው። ጫናውን «ራይዝ» ላይ ካደረጋችሁት ፈረንጅ ሰሚ ለአፍታ ይደናገራል።

እንግሊዞች ብዙውን ጊዜ ዜዱን በኤስ ይተኩታል፤ አሜሪካኖች በዜድ ይጽፋሉ። ሁለቱም ትክክል ነው። ስሕተቱ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ማደባለቅ ነው፤ አንዱ ገጽ ላይ ኤስ፣ ሌላው ላይ ዜድ ከሆነ ሁለት ሰው የጻፈው ወይም ከሁለት ቦታ የተቀዳ ይመስላል። ኮምፒውተራችሁ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ከተቀመጠ ኤስ ያለውን በቀይ ያሰምርበታል። አትደንግጡ፣ ቋንቋውን ቀይሩና ቀዩ ይጠፋል።

ከግሱ የሚወጣው ስም ሰመሪ ነው፤ መጨረሻው ኤ፣ አር፣ ዋይ። ኤዋን በኢ ከለወጣችሁት «በጋ በጋ የሚል» የሚል ትርጉም ያለው ሌላ ቃል ይሆናል። አነባበባቸው አንድ ስለሆነና ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ ኮምፒውተሩ ላያርማችሁ ይችላል። በዓይን መፈተሽ ብቻ ነው መፍትሔው።

ደረጃ 3፦ ከግሱ ቀጥሎ የሚያጥረውን ነገር አስቀምጡ

ሰመራይዝ ብዙ ጊዜ ተሳቢ ይፈልጋል፣ ያውም ወዲያው ከኋላው። ምን አሳጠርክ? ሪፖርቱን። «ሰመራይዝ ዘ ሪፖርት»። በመካከል ምንም አይገባም።

አማርኛችን እዚህ ጋ በሦስት መንገድ ያሳስተናል።

አንደኛው «ስለ» ነው። «ስለ ስብሰባው አጠቃልልልኝ» ስለምንል «ሰመራይዝ አባውት ዘ ሚቲንግ» ብለን እንጽፋለን። አባውቱ ይውጣ። «ሰመራይዝ ዘ ሚቲንግ» ይበቃል።

ሁለተኛው «ልኝ» ነው። «አጠቃልልልኝ» የሚለው ውስጥ «ለእኔ» ስላለ «ሰመራይዝ ሚ ዘ ሪፖርት» የሚል ይመጣል። ይህ ሲነበብ «እኔን አሳጥረኝ» ይመስላል። «ለእኔ» የሚለው መጨረሻ ላይ ይሂድ፦ «ሰመራይዝ ዘ ሪፖርት ፎር ሚ»።

ሦስተኛው «አድርግ» ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የውጭ ግስ ስናስገባ ሁልጊዜ «አድርግ» እንለጥፍበታለን፤ ሴቭ አድርገው፣ ሼር አድርጊው፣ ሰመራይዝ አድርገው። ለንግግር ጥሩ ነው፣ እኔም እላለሁ። ወደ እንግሊዝኛ ስትመለሱ ግን «ዱ ሰመራይዝ» ወይም «ሜክ ሰመራይዝ» እንዳትሉ፤ ግሱ ራሱ ሥራውን ይሠራል። «አድርግ» የሚለውን ስሜት ማስቀረት ካቃታችሁ በስሙ ተጠቀሙ፦ «ራይት ኤ ሰመሪ»። «ሰመራይዙን ልኬልሃለሁ» የሚባለውም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ሰመሪ መሆን አለበት።

አንድ ሌላ ምልክት ልስጣችሁ፣ ደረጃ 1 ላይ ያልነውንም ያጠነክራል። «ዛት» የምትለዋን ቃል አስከትሉና ሞክሩ። «ሺ ኮንክሉድድ ዛት...» ይሄዳል። «ሺ ሰመራይዝድ ዛት...» ግን ለእንግሊዝኛ ሰሚ ይጎረብጣል። ስለዚህ ስትጽፉ እጃችሁ ሰመራይዝን በዛት ካስከተለ ቁሙ፤ የፈለጋችሁት ግስ ኮንክሉድ ሳይሆን አይቀርም።

ሪፖርት ላይ ደግሞ ተገብሮው በጣም ይጠቅማል። ግኝቶቹ ሠንጠረዥ 2 ላይ ባጭሩ ቀርበዋል ለማለት «ዘ ፋይንዲንግስ አር ሰመራይዝድ ኢን ቴብል 2» ይባላል። «እንደሚከተለው» ለማለት ደግሞ «አዝ ፎሎውስ» ነው። የፎሎውስ የመጨረሻዋ ኤስ አትነቀልም፤ የሚዘረዘረው አንድም ይሁን አሥር እዚያው ናት።

ደረጃ 4፦ ከዘመዶቹ መካከል የሚስማማውን ምረጡ

ሰም አፕ፦ ትርጉሙ ያው ነው፣ ለንግግር ይቀላል። ጥንቃቄ የሚፈልገው «ኢት» ሲመጣ ነው። «ሰም ኢት አፕ» እንጂ «ሰም አፕ ኢት» አይባልም፤ ኢት መሐል ትገባለች። ሙሉ ስም ከሆነ ግን ሁለቱም ቦታ ይሆናል። አንድ ሰው ስትናገሩ ሰምቶ «ዛት ሰምዝ ኢት አፕ» ካላችሁ «ልክ ነው፣ በደንብ ገለጽከው» ማለቱ እንጂ አሳጥር ማለቱ አይደለም።

ሪካፕ፦ ለስብሰባና ለትምህርት ነው፤ አሁን የተባለውን መለስ ብሎ መከለስ። ወዳጅነት ያለበት ቃል ስለሆነ ለባልደረባ ኢሜይል ይመቻል። ለመመረቂያ ጽሑፍ አይመረጥም። ወደ ኃላፊ ጊዜ ሲሄድ ፒዋ ሁለት ትሆናለች። ረጅሙ አጠራር ሪካፒቹሌት ነው፤ ካፒቹሌት ከሚለው ጋር አታምታቱት፣ ያኛው እጅ መስጠት፣ መሸነፍ ማለት ነው። «ሪ» ስለተጨመረበት «እንደገና እጅ ሰጠ» ብሎ የተረጎመ ተማሪ ገጥሞኛል፤ ቃሉን ከፋፍሎ ለመረዳት መሞከሩ ደግ ነበር፣ እዚህ ጋ ብቻ አልሠራለትም።

ፓራፍሬዝ፦ በራስ ቃል መልሶ መናገር ነው፣ ግን ማሳጠር የለበትም። አንድ አንቀጽ ፓራፍሬዝ ሲደረግ ያው አንድ አንቀጽ ያህል ሊሆን ይችላል። ሰመራይዝም በራስ ቃል ይጻፋል፣ ልዩነቱ ርዝመቱ ነው። አስተማሪ ፓራፍሬዝ ብሎ ካዘዘ አሳጥራችሁ ብታስገቡ ሐሳብ ጎደለ ተብሎ ነጥብ ይቀነሳል።

አውትላይን ከመጻፋችሁ በፊት የሚወጣ ዕቅድ ነው፣ ሰመሪ ከተጻፈ በኋላ ነው የሚወጣው። አብሪጅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የመጽሐፍ ነው፤ የደራሲው ቃላት በአብዛኛው እንዳሉ ሆነው ይቀነሳል።

ደረጃ 5፦ አሁን ሥሩት

ይህን የመሰለ ጽሑፍ ሰመራይዝ አድርጉ ተባላችሁ እንበል፦

«የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ የተከፈተው ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄደው መስመር ሲሆን ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ ቃሊቲ ይደርሳል። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚያደርሰው የምሥራቅ ምዕራብ መስመር ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተከተለ። ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። ስታዲየም አካባቢ ሲደርሱ አንዱን ሐዲድ ይጋራሉ።»

በመጀመሪያ እርሳስ ሳትይዙ እስከ መጨረሻው አንብቡ። እርሳስ ከያዛችሁ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምራችሁ ሁሉንም ታሰምራላችሁ፤ ሁሉም የተሰመረበት ገጽ ደግሞ ምንም ካልተሰመረበት አይለይም።

ከዚያ ለእያንዳንዱ አንቀጽ ዳሩ ላይ አንዲት መስመር በአማርኛ ጻፉ። በአማርኛ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ዋናው በእንግሊዝኛ ከሆነና እናንተም ቀጥታ በእንግሊዝኛ ከጻፋችሁ የጸሐፊውን ዓረፍተ ነገር ሳታውቁት ትገለብጣላችሁ። በአማርኛ ካለፈ ግን ሐሳቡ ብቻ ይሻገራል፣ ቃላቱ እዚያው ይቀራሉ። ለዚህኛው አንቀጽ የእኔ መስመር «ባቡሩ፦ 2 መስመር፣ 2008፣ መሐል ከተማ ይገናኛሉ» ትላለች።

ቀጥሎ ዋናውን ጽሑፍ ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ አስቀምጡት። ከዳር መስመሮቻችሁ ብቻ ተነሥታችሁ ጻፉ። እኔ የጻፍኩት ይኸው (2008 ለምን 2015 እንደሆነ ደረጃ 6 ላይ ታያላችሁ)፦

«ዘ አዲስ አበባ ላይት ሬይል፣ ዊች ኦፕንድ ኢን 2015፣ ሃዝ ቱ ላይንስ ዛት ሼር ፓርት ኦቭ ዘ ትራክ ኢን ዘ ሲቲ ሴንተር»

አምስት ዓረፍተ ነገር የነበረው አንድ ሆነ። የየመስመሩ መነሻና መድረሻ ወጥቷል። ለምን አወጣሁት? አንባቢዬ ስለ ባቡሩ ጠቅላላ ነገር ማወቅ የፈለገ ሰው ነው ብዬ ስላሰብኩ ነው። አንባቢው ቃሊቲ ቤት የሚፈልግ ሰው ቢሆን ቃሊቲን ይዤ ዓመተ ምሕረቱን አወጣ ነበር። ምን እንደሚያዝና ምን እንደሚወጣ የሚወስነው አንባቢው ነው፤ ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ያዘዛችሁን ሰው «ለማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

«ስለዚህ ከተማዋ ተጨማሪ ባቡር ያስፈልጋታል» ብዬ ብቀጥል ኮንክሉድ ማድረጌ ነው። «ባቡር ለትልቅ ከተማ ሁሉ ይጠቅማል» ብል ጀነራላይዝ። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፣ አንቀጹ ውስጥ ግን የሉም።

ርዝመቱን በተመለከተ፣ ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው የዋናው ሲሶ ነው። ለረጅም ሪፖርት ግን ሲሶ በጣም ይበዛል፤ 60 ገጹን ሪፖርት 20 ገጽ አድርጎ የሚልክ የለም። እኔ ለ10 ገጽ ከአንድ ገጽ አላስበልጥም። ድርጅቶች ሪፖርት ላይ ኤግዚኪዩቲቭ ሰመሪ የሚሉት መጀመሪያ ላይ ነው የሚገባው፣ ኮንክሉዥኑ መጨረሻ ላይ። እኛ «ማጠቃለያ» ሁልጊዜ መጨረሻ ነው ብለን ስለለመድን ቦታቸውን የሚቀያይር ሰው በዝቷል።

ደረጃ 6፦ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የበጀት ዓመቱን መልሱ

ይህ ደረጃ ፈረንጆቹ በሚጽፉት መመሪያ ላይ አይገኝም፣ እኛ ግን ያስፈልገናል። ከአማርኛ ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ ሰመራይዝ ስታደርጉ ቁጥሩ ብቻውን ከተሻገረ ትርጉሙ ይበላሻል። 2008ን እንዳለ ብታስቀምጡት ባቡሩ ሰባት ዓመት ቀድሞ ተከፈተ ማለት ነው።

ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት ጨምሩ። ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ጨምሩ። ወሩ ካልተጻፈ ሁለቱንም ዓመት በእዝባር አስቀምጡ።

የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። የ2016 በጀት ዓመት የሚለው በእንግሊዝኛ 2023/24 ይሆናል። «አንደኛ ሩብ ዓመት» የሚለው ላይ ደግሞ ወሮቹን ጻፉ፤ የእኛ አንደኛ ሩብ ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው፣ ውጭ ያለ አንባቢ ግን ከጃንዋሪ እስከ ማርች ሊመስለው ይችላል።

ሰዓት ላይ 6 ሰዓት ልዩነት አለ። የስብሰባ ሪካፕ ስትልኩ «ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት» የሚለውን 9 አድርጉት። ይህን የረሳ ሰው ቀጠሮ ያበላሻል፤ ሰመሪው ቢያምርም ሰዎቹ አይገናኙም።

ደረጃ 7፦ ላላነበበ ሰው ስጡት

ሰመሪያችሁን ዋናውን ላላየው ሰው አስነብቡትና «ምን ተረዳህ?» በሉት። የሚመልስላችሁ ከዋናው ጋር ከገጠመ ጨርሳችኋል። «እሱ ማነው?» «ይሄ የት ነው?» ብሎ ከጠየቀ ደግሞ በጣም አሳጥራችኋል፤ እናንተ ዋናውን ስለምታውቁት ክፍተቱ አይታያችሁም፣ ለዚህ ነው ሌላ ዓይን የሚያስፈልገው። ከዚያ በኋላ ዋናውን እንደገና ከፍታችሁ ስሞችንና ቁጥሮችን አንድ በአንድ አመሳክሩ።

ማስጠንቀቂያ

ሰመሪ የሚለው ቃል ከስም በፊት ቅጽል ሆኖ ሲመጣ ትርጉሙ ሊለወጥ ይችላል። ሥራ ላይ ያላችሁ ይህን ልብ በሉ። «ሰመሪ ዲስሚሳል» የሚል ደብዳቤ ከደረሳችሁ «አጭር ስንብት» አይደለም፤ ያለ ማስጠንቀቂያ ወዲያው ከሥራ ማሰናበት ማለት ነው። ሕግ ነክ ጽሑፎች ላይም «የተለመደውን ረጅም ሥርዓት ሳይከተል» የሚል ስሜት አለው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይዞ የመጣን ሰው ሁልጊዜ የምለው፣ ሳትፈርም በፊት የሕግ ባለሙያ ያንብበው ነው።

ውል ሰመራይዝ ካደረጋችሁ ሰመሪው ውሉን አይተካም። ዋናውን አብራችሁ ያዙ። ከውል ላይ «ትንሽ» የምትመስል ሐረግ ብትወጣ ኪራይ ወይም ቅጣት ላይ ለውጥ ታመጣለች።

በቻትጂፒቲና በመሳሰሉት አሳጥረው ለሚመጡ፦ መጠቀማችሁ ጥፋት አይደለም፣ ግን ዋናው ውስጥ የሌለ ቁጥር ወይም ምክንያት አንዳንዴ ይጨምራሉ። ደረጃ 7 ላይ ያለውን ማመሳከር ለእነሱም አድርጉት። መምህራችሁ ወይም መሥሪያ ቤታችሁ ከከለከለ ደግሞ አትጠቀሙ።

አይኤልቲኤስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ለምትፈተኑ፦ የአካዳሚክ ጽሑፍ የመጀመሪያው ጥያቄ መረጃውን ሰመራይዝ አድርጉ ይላል፣ ቢያንስ በ150 ቃል። ለእሱ 20 ደቂቃ ያህል መድቡ። እዚያ ላይ ግራፉ የሚያሳየውን ዋና ዋና ነገር መርጣችሁ ታወዳድራላችሁ እንጂ የራሳችሁን አስተያየት አትጽፉም። ለምን እንደጨመረ፣ መንግሥት ምን ማድረግ እንዳለበት አልተጠየቃችሁም። አስተያየት የሚጠየቀው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው።

በብዛት የማያቸው ስሕተቶች

«ቱ ሰም አፕ» ብሎ ጀምሮ አዲስ ነጥብ ማንሣት። አንባቢው ሲያልቅ እየጠበቀ እንደገና ትጀምሩበታላችሁ። አዲሱን ነጥብ ከፍ አድርጋችሁ ቦታው ላይ አስገቡት።

«ቱ ሰም አፕ» እና «ኢን ኮንክሉዥን» አከታትሎ መጻፍ። እኛ «ለማጠቃለል ያህል፣ በአጠቃላይ» ስንል ስለሚያምር ነው። በእንግሊዝኛ ግን አንዱ ሌላውን ያፈናቅለዋል። ያለፈውን እያስታወሳችሁ ከሆነ የመጀመሪያው፣ ፍርድ እየሰጣችሁ ከሆነ ሁለተኛው ብቻ ይጻፍ።

«በአጠቃላይ» የሚለውን ሁልጊዜ «ጀነራሊ» ብሎ መተርጎም። ጀነራሊ «አብዛኛውን ጊዜ» ማለት ነው። «በአጠቃላይ 40 ሰው ተገኘ» ለማለት «ኢን ቶታል» ነው የሚሆነው፣ «በአጠቃላይ ሥራው ጥሩ ነበር» ለማለት ደግሞ «ኦቨርኦል»።

የመጀመሪያውን አንቀጽ በደንብ አሳጥሮ የመጨረሻዎቹን ገጾች መርሳት። ድካም ነው የሚያመጣው። ጽሑፉ ረጅም ከሆነ የዳር መስመሮቻችሁን ቁጠሩ፤ 12 ክፍል ካለውና 7 መስመር ብቻ ካላችሁ ያላነበባችሁት አለ።

የሰውን ሐሳብ የራስ አስመስሎ ማቅረብ። ሰመራይዝ የምታደርጉት የሌላ ሰው ሐሳብ ከሆነ «ዘ ራይተር ሴይስ» ወይም ስሙን ጠቅሳችሁ ጀምሩ፣ ግሱም በአሁን ጊዜ ይሁን። ቃላቱን ብትቀይሩም ሐሳቡ የእሱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ላይ ይህን መተው እንደ መስረቅ ይቆጠራል፣ ልጆች ሳያውቁት ለጥያቄ ሲጠሩ አይቻለሁ። ስሙ አንዴ ከተጠራ በኋላ በየዓረፍተ ነገሩ መድገም አያስፈልግም፤ በአንድ አንቀጽ አንዴ፣ አንቀጹ ከረዘመ ሁለቴ ይበቃል።